በወርቂቱ ጉንጭ ላይ የወጣው እጅ

ወርቂቱን ጎሜ በጥፊ መታት አሉ። መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወሬ መቼ እናት አባት አለው! ከሙዝ መጫኛው ሜዳ ተነስቶ አባያ ዳር፣ ከአባያ ዳር ሲቀላ ገበያ ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን አልፈጀበትም።

ጎሜ በጋሞ ምድር ቀልድ አይደለም። ክልክል ነገር ያደረገ፣ ድንበር የገፋ፣ የአባቶችን ደንብ ያፈረሰ ሰው እሱ ዝም ቢል ጎሜው ዝም አይልም። ከብት ይገድላል፣ እህል ያደርቃል፣ ገላ ላይ ይወጣል ይባላል። መፍትሔው ዱቡሻ መውጣት ነው። ዱቡሻ የሽማግሌዎች አደባባይ ነው፤ እዚያ እርጥብ ሣር ይዘው በተቀመጡት አባቶችና በሕዝቡ ፊት ቆሞ "ይህን ይህን አጥፍቻለሁ" ብሎ መናዘዝ ነው። የተናዘዘ ይታረቃል። ያልተናዘዘን ግን ጎረቤት እሳት እንኳ አያስጭረውም።

እንግዲህ ወርቂቱ ምን አድርጋ ነው የተመታችው? እሱን እንኳን ሰው እሷም አታውቀውም። ግራ ጉንጯ ላይ ግን እጅ አለ። እጅ የመሰለ ነገር አላልኩም፣ እጅ ነው ያልኩት! አራት ጣቶች ከአፍንጫዋ ጥግ ተነስተው ወደ ጆሮዋ ተጋድመዋል። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ፣ ሲደርቅ ደግሞ ጠቁሮ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ያየ ሁሉ ያማትባል፣ አማትቦም ለጎረቤቱ ይነግራል።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ወርቂቱ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ አስፋልቱ ዳር ባለ መጫኛ ሜዳ ላይ ሙዝ መራጭ ናት። ገበሬው ጥሬ ሙዙን በአህያ ጋሪ ያመጣል፤ ሠላሳ ሁለት ሴቶች የተጎዳውን ከደህናው ይለያሉ፤ ጭነት መኪኖቹ ኮባ ይነጠፍባቸውና ሙዙን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ይፈተለካሉ። ድሮ ሜዳው መሐል የሚያህለው የሌለ ዋርካ ነበር። ሴቶቹ ከሥሩ ተቀምጠው እየተጫወቱ ይመርጡ ነበር። አምና ደላላው ጌታነህ "መኪና ማዞሪያ ጠበበኝ" ብሎ አስቆረጠው። ከዚያ ወዲህ የቆላ ፀሐይ ናቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እራፊ ሻሽ ብቻ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው። ፀሐይዋ አልበቃ ብሎ መኪኖቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ተሰልፈው ይቆማሉ። የጭስ ማውጫቸው ደግሞ፣ ተንኮል ይመስል፣ ቁጭ ካለች ሴት ፊት ጋር ልክ ለልክ ነው።

እንዲህ እንዲህ ሲል የሁሉም ፊት ተለወጠ። የወርቂቱ ጓደኛ የመቅደስ ግንባር ማድያት ለበሰ። የአንዷ ጉንጭ ሻከረ፣ ሌላዋን ሌት ተቀን ያሳክካት ጀመር፤ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ዓይኗ ዙሪያ ተጨማደደ። ወንዶቹ "ጥቁርን ሰው ፀሐይ ምን ታደርገዋለች?" ይላሉ። ድንቄም! እነሱ ጋቢናው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ጫታቸውን እየቃሙ አይደል የሚሉት!

በመጨረሻ ሴቶቹ ተሰበሰቡና ወርቂቱን አለቃ አድርገው መረጧት። ለምን እሷን ብትሉ፣ ያመነችበትን ነገር ከመናገር ንጉሥም አይመልሳትም። በተመረጠች ማግስት፣ ገና በጠዋቱ፣ ጌታነህ ፊት ሄዳ ተገተረች።

"ሁለት ነገር ነው የምንፈልገው" አለችው። "አንደኛ ዳስ ይሠራልን። ሁለተኛ መኪና ቆሞ ሲጫን ሞተሩ ይጥፋ።"

ጌታነህ ሳቀ። ክፉ ሰው ነው ለማለት አይደለም፤ ግን የሰው ችግር ሲነግሩት ሳቁ የሚመጣ ዓይነት ሰው ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሙዝ መራጭ ነሽ ወይስ ከንቲባ? ፀሐይን እኔ ነኝ እንዴ ያወጣኋት?"

"ፀሐይዋን አላወጣህም፣ ጥላውን ግን ቆርጠሃል" አለችው። ሴቶቹ ከኋላዋ አውካኩ። የጌታነህ ፊት ዳመነ፤ ቂም የያዘው ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ጉንጯ ቀላ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ሳምንት ሳይሞላ እጁ ወጣ። ጌታነህ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣለታል! "አያችሁ? አለቃ ነኝ ባለች በማግስቱ መታት! አንድ የደበቀችው ነገር አለ" እያለ ሜዳውን ዞረው። ያልነበሩት ሁሉ እንደነበሩ ሆነው አወሩ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ማለት ይሄኔ ነው።

ወሬው የሽማግሌዎቹ ታላቅ ከሆኑት ከአባባ ሀብተወልድ ጆሮ ደረሰ። ቸኩለው የሚፈርዱ ሰው አይደሉም። ነገሩ ግን ሀገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ሆኗል። "ቅዳሜ ሳምንት ዱቡሻ ትውጣ" ብለው ላኩባት። "ያላትን ትናዘዝ። ካልተናዘዘች ጎሜ ይጋባልና ከሴቶቹ ጋር ሜዳው ላይ መቆም አትችልም።" ጌታነህ ደግሞ ቀድሞ፣ በእሷ ቦታ አለቃ የምትሆን የአክስቱን ልጅ አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የአክስቱ ልጅ ስለ ዳስና ስለ ጭስ አፏን እንደማትከፍት ሁሉም ያውቃል።

ባሏ ሳምሶን ዶርዜ ተወልዶ ያደገ ሸማኔ ነው፤ ደግ፣ ዝምተኛ፣ ጠብ የማይወድ። ወሬው እንቅልፍ ሲነሳው፣ "እባክሽ አንድ ነገር ፈልጊና ተናዘዢ" አላት። "የሰው ዶሮ ሰርቄ ነበር በይ። ማን ያጣራል? ያልፋል።"

"ያላደረግሁትን?" አለች ወርቂቱ። "ዛሬ ዶሮ ሰረቅሁ ብል ነገ የልጆቼ ስም የዶሮ ሌባ ልጆች ነው። ሴቶቹስ? 'አለቃችን የጠየቀችው ሁሉ የሌባ ወሬ ነበር' ይባልላቸው? አይሆንም! ሞቼ ነው ቆሜ?"

ከቤቱ ሁሉ ይልቅ ያዘኑት ግን አማቷ እማማ ብርቅዬ ናቸው። ወርቂቱ እቤታቸው ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን ክፉ ተናግረዋት አያውቁም። በየማለዳው ከጓሯቸው ጤናዳም ቀጥፈው ይጨምቁና እጃቸውን አርጥበው ጉንጯ ላይ ያሳርፉታል። "አይዞሽ ልጄ፣ ይለቅሻል" እያሉ ይመርቋታል። ጤናዳም የማያድነው በሽታ አለ እንዴ? ለምች እሱ፣ ለክፉ ዓይን እሱ፣ ለሆድ ቁርጠት እሱ። ጉንጯ በባሰ ቁጥር "አነሰ ማለት ነው" ብለው ይጨምራሉ። ወርቂቱም ምርቃቱን ተቀብላ በቀጥታ ወደ ፀሐይዋ ትሄዳለች።

ማክሰኞ ዕለት ሜዳው ላይ መቅደስ ሳትቀር ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች። ወርቂቱም ይሄን አየች። ሌላው ቢርቃት ግድ የላትም፤ መቅደስ ግን ሚዜዋ ነበረች። የያዘችውን ሙዝ አስቀምጣ ተነሳች። "ጎሜ ከሆነ እሺ ይሁን" አለች ለራሷ። "ካልሆነስ? መጠየቅ ያስከስሳል እንዴ?" በባጃጅ ሲቀላ ደረሰች፣ ከሲቀላ ሚኒባስ ይዛ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጣች፤ የቆዳ በሽታ የምታይ ነርስ ያለችበት ክሊኒክ ገብታ ወረፋ ያዘች።

ነርሷ ሲስተር ሰሊሆም ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ ምንም የማያልፋት ሴት። የወርቂቱን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት።

"ፊትሽ ላይ ሎሚ ትቀቢያለሽ?"

"ኧረ የለም።"

"ጤናዳምስ?"

"እሱማ መድኃኒት ነው፤ ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ።"

"ከተቀባሽ በኋላ የት ትውያለሽ?"

"ሜዳ ላይ ነዋ። ፀሐይ ላይ።"

ሲስተር ሰሊሆም እጇን አወረደችና ወንበሯን ሳበች። "ጎሜ ስለሚባለው የሚፈርዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ" አለች። "የጤናዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ጠንካራ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ማታ ቤት ውስጥ ብትቀቢው ምንም ላይልሽ ይችላል። ቀን ሜዳ ላይ ግን የፈላ ውሃ እንደፈሰሰብሽ ነው የሚያደርግሽ። ያውም ወዲያው አይደለም፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚቀላው። ለዚህ ነው ሰው የማይጠረጥረው።"

ወርቂቱ የነርሷን ክንድ ያዘች። "ሌሎቹስ? ጤናዳም ያልተቀቡት? ማድያቱ፣ ማሳከኩ?"

"እነሱን ፀሐይና ጭስ ተባብረውባቸው ነው። የመኪና ጭስ ጥላሸት አለው፤ ደቃቅ ስለሆነ አይታይም እንጂ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ፀሐይዋ ደግሞ ከላይ ትመታለች። ሁለቱ ሲደራረቡ ቆዳ ያለ ዕድሜው ያረጃል፣ ማድያት ይብሳል። ጥቁር ቆዳ ፀሐይን በተሻለ ይችላል እንጂ ከብረት አልተሠራም።"

"ታዲያ ምን ይሻለናል?"

"ጥላ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ። ከሥራ ስትወጡ ፊትን በንጹህ ውሃ መታጠብ። ከሁሉ በፊት ግን ጭሱን ከፊታችሁ ማራቅ ነው።" ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብላ ጉንጯን አየችና "የቀባሽ ሰው የቀለበት ጣቱ ጎዶሎ ነው እንዴ? አንዱ ጣት አጥሯል" አለች።

ወርቂቱ እጇን ወደ ጉንጯ ላከች። የእማማ ብርቅዬ የቀለበት ጣት ጫፍ የለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት እንሰት ሲቆርጡ ገጀራ ወስዶታል። በተመረጠችበት ማግስት፣ ጌታነህ ዘንድ ከመሄዷ በፊት፣ አሮጊቷ "ዓይን እንዳይበላሽ" ብለው ጤናዳም በነካ እጃቸው ጉንጯን ይዘው የመረቋት ትዝ አላት። ጥፊ አልነበረም፤ ምርቃት ነበር።

ከሴቻ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ከጎኗ የተቀመጡት ሰው "ደህና ነሽ ልጄ?" እስኪሉ ድረስ። ነጻ መሆኗን አውቃለች፤ ግን በምን አፏ ትናገረው? "አማቴ ናቸው ያቃጠሉኝ" ብትል ሰው ምን እንደሚል ታውቃለች። አሮጊቷ መድኃኒት አደረገችባት ይላል። ምላስ አጥንት የለው! የሰባ ዓመት ሴት በስተርጅና መርዘኛ ተብለው በር ይዘጋባቸው? "ስማቸውን አልጠራም" ብላ ቆረጠች። "በራሴ ገላ አሳያለሁ እንጂ እሳቸውን አላነሳም።"

ረቡዕ ጠዋት እማማ ብርቅዬ ጤናዳማቸውን ይዘው ሲመጡ "እማዬ፣ ዛሬ ለእኔ ይስጡኝ፣ ራሴ እቀባዋለሁ" አለቻቸው። ወስዳም በሁለት ክንዶቿ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያህል፣ እኩል አድርጋ ቀባች። ግራውን በጨርቅ ጠቀለለችው፤ ቀኙን እጅጌዋን ሰብስባ ለፀሐይ ሰጠችው። ሲስተር ሰሊሆም ብታያት ኖሮ ጆሮዋን ነበር የምትቆነጥጣት።

ዓርብ ማታ ክንዷን ስትታጠብ ቀኙ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል፣ ግራው እንደነበረ ነው። እማማ ብርቅዬ የውሃውን ጣሳ ይዘው ቆመው ነበር። ሁለቱንም ክንዶች አዩ፤ ጉንጯንም አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን እጅ አዩ። ጣሳውን አስቀምጠው ገብተው ተኙ።

ቅዳሜ ዱቡሻው ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ጨብጠው በድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ። አባባ ሀብተወልድ ተነስተው ምድሩ ሰላም እንዲሆን፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲወርድ፣ ልጅ ሁሉ እንዲያድግ መረቁ፤ ሕዝቡ ተቀበላቸው። ጌታነህ ከሜዳው በቀጥታ መጥቶ ፊት ለፊት ተሰይሟል። ሠላሳ አንዱ ሴቶች ከኋላ ተኮልኩለዋል።

"ወርቂቱ" አሉ ሽማግሌው፣ "የምትናዘዢው አለሽ?"

"የለኝም አባባ። የማሳየው ግን አለኝ።"

ጉምጉምታው ተነሳ። ወርቂቱ መሐል ገባችና ሁለቱን ክንዶቿን ዘረጋች። "ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም እኩል ጤናዳም ቀባኋቸው። ግራውን ከፀሐይ ሸሸግሁት፤ ይኸው፣ ምንም የለውም። ቀኙን ፀሐይ ላይ አዋልኩት፤ ይኸው፣ ተቃጥሏል። ጎሜ ቢሆን ኖሮ ጨርቅ ይመልሰው ነበር? ጉንጬም እንዲሁ ነው የሆነው።"

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ክንዷን አገላብጠው አዩ። አንዱ በጣታቸው ነካ አድርገው ደነገጡ። ይሄኔ ጌታነህ ከመቀመጫው ተነሳ።

"ጥሩ! የእሷ ጤናዳም ይሁን። የእነዚያስ ሁሉ ሴቶች ማድያት? ከእሷ ተጋብቶባቸው ነው እንጂ ከየት መጣ? ጭስ ነው፣ ፀሐይ ነው ይላሉ። እኔም እዚያው ሜዳ ነው የምውለው፣ እስቲ ፊቴን እዩት፤ መስታወት ነው!"

አይ ጌታነህ! አፉ ነው ጠላቱ። ወርቂቱ ከነጠላዋ ሥር ሳምሶን የሸመነውን ነጭ የጥጥ እራፊ አወጣች። ሌሊቱን የታጠበ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነው። በኮዳ ከያዘችው ውሃ ነከረችውና ሰጠችው።

"እንግዲያው መስታወቱን ጥረገው" አለችው።

ሕዝቡ እያየው እንቢ ይበል? ተቀበለና ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አንገቱን እያሳየ ጠረገ። ጨርቁን ሲዘረጋው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። አንዲት ባልቴት "ወይ መስታወት! እኛ ስንት ዘመን ከሰል ስናይ ኖረናል!" ብለው ሆዳቸውን ያዙ። አባባ ሀብተወልድ ሳይቀሩ ሣሩን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ደበቁ።

"እሱ እየቆመ የሚሄድ ሰው ነው፣ ይህን ያህል ይዞ መጣ" አለች ወርቂቱ ሳቁ ጋብ ሲል። "እኛ ጭስ ማውጫው ሥር ነው ቁጭ ብለን የምንውለው። ያ ጥላሸት ፊታችን ላይ ተለጥፎ ነው ፀሐይ የምትጠብሰን። ሴቻ ያለችውን ነርስ ጠይቄ ነው የምናገረው።"

ጌታነህ ደሙ ፈላ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም፤ ጨርቁን ወረወረና የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። "ይሁን! አንድ ነገር ብቻ ትመልስልኝ። ጤናዳም እጅ አለው? ጣት አለው? ጉንጯ ላይ ያለው የሰው እጅ ነው፤ የማን እጅ ነው? ትናገር!"

አባባ ሀብተወልድ ጠበቁ፤ ከዚያ "ልጄ፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። የማን እጅ ነው?" አሉ።

ወርቂቱ መሬት መሬት አየች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ስም ብትጠራ ሥራዋን፣ ስሟን፣ የልጆቿን ስም ይዛ ትሄዳለች። ዋጥ አደረገችው። "አልናገርም አባባ። ጥፊ እንዳልነበረ ግን እምላለሁ።" የጌታነህ ፊት ሲበራ ታያት። መቅደስ ከኋላ "ተናገሪ እንጂ!" ብላ ጮኸች። ወርቂቱ ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች።

"የእኔ ነው።"

ሁሉም ዞረ። እማማ ብርቅዬ በትራቸውን ተደግፈው ከሴቶቹ መሐል እየወጡ ነው። ሴት በዱቡሻ መሐል ቆማ ስትናገር እምብዛም አይታይም፤ አሮጊት ደግሞ ጭራሽ። አንድ ወጣት ሊያስቆማቸው እጁን ሲዘረጋ በበትራቸው ገፋ አደረጉትና አለፉ። ወርቂቱ አጠገብ ሲደርሱ በትሩን ጣሉ፤ ቀኝ እጃቸውን ለሕዝቡ ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩ፣ ጎዶሎዋን ጣት ጨምሮ። ከዚያ ቀስ ብለው ጉንጯ ላይ አሳረፉት። ጣት በጣት ላይ ገጠመ፤ አጭሩም በአጭሩ ላይ።

"እዩት!" አሉ። "አለቃ ሆና ስትመረጥልኝ ደስ ብሎኝ ዓይን እንዳይበላብኝ ብዬ ጤናዳም ቀባኋት፤ መረቅኋት። ስትቃጠል ደግሞ ጨመርኩባት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእኔ ነው። ይቺ ልጅ ከሴቻ ከተመለሰች ጀምሮ አውቃለች። እኔን ከማዋረድ ብላ እንጀራዋን ልትተው ነበር! ጎሜ የምትሉ ከሆነ እኔን ውሰዱኝ፤ እሷን ግን አትንኩብኝ!"

ወርቂቱ አሁን አልቻለችም፤ አሮጊቷን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማ ብርቅዬም አለቀሱ። መቅደስ እየሮጠች መጥታ ሁለቱንም ጠመጠመቻቸው፣ "ይቅር በይኝ፣ ፈራሁ፣ ይቅር በይኝ" እያለች። ከዚያ ወዲያ ማን ሽማግሌ፣ ማን ታዛቢ እንደሆነ አልተለየም፤ ነጠላዋ ያልረጠበ ሴት አልነበረችም።

አባባ ሀብተወልድ ሕዝቡ እስኪረጋጋ ቆዩና ተነሱ።

"ምርቃት ጎሜ ሆኖ አያውቅም" አሉ። "እማማ ብርቅዬ፣ እጅዎ ንጹሕ ነው። ወርቂቱ፣ አንቺም ንጹሕ ነሽ፤ ያልሠራሽውን እንድትናዘዢ የጠራንሽ እኛ ይቅርታ እንጠይቅሻለን።" ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ። "ጎሜ ግን አለ። የሠላሳ ሁለት ሴቶችን ጥላ የቆረጠ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ጌታነህ፣ የምትናዘዘው አለህ?"

ጌታነህ ወደ ሕዝቡ አየ፤ የሚያግዘው ዓይን አጣ። ከዚያ ወደ ጠቆረው ጨርቅ አየ። ጉንጩን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ መዳፉን አየው። ቀስ ብሎ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ፊት ተንበረከከ። "ዋርካውን አስቆርጫለሁ" አለ፣ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ። "ሴቶቹ ሲነግሩኝ ስቄባቸዋለሁ። አጥፍቻለሁ።" ሽማግሌዎቹ ሣሩን አስጨበጡት። ፍርዱም ተነገረ፦ እስከ ሰኞ ዳስ ይሠራል፣ ቦታውም መኪና ይዞርበት የነበረው ይሆናል፤ በዋርካው ፋንታ ችግኝ ይተክላል፤ ሴቶቹ በተቀመጡበት ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆም መኪና አይጭንም። እልልታው ሲቀልጥ አባያ ዳር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ሠርግ መስሏቸው ነበር አሉ።

ሰኞ ዳሱ ቆመ፤ ኮባ ለብሶ፣ ሰፊ ሆኖ፣ ጌታነህም ራሱ ምሰሶ ሲተክል መዳፉ ተልጦ። ሴቶቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ እጅጌያቸውን አውርደው፣ ጥላው ውስጥ ተደርድረዋል። አምስት መኪኖች ተራ በተራ ሞተራቸውን አጠፉ። ስድስተኛው፣ ከሩቅ የመጣ ሹፌር፣ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"ባትሪዬ ሞቷል እኮ! ካጠፋሁት አይነሳም! ማን ያስነሳልኛል?"

ወርቂቱ ከዳሱ ወጣች። ጉንጯ ገና እንደጠቆረ ነው፤ ሲስተር ሰሊሆም ወራት ይፈጃል ብላታለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችው።

"አጥፋው" አለችው። "እኛ እናስነሳልሃለን።"

ሹፌሩ አቅማማ፤ ከዚያ ጌታነህን አየ። ጌታነህ "አጥፋው ተብለሃል" አለ። ሞተሩ ተንኳክቶ ጸጥ አለ። ከዋርካው መቆረጥ ወዲህ ሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምተው አያውቁም፤ የወፍ ድምፅ ተሰማ፣ ማዶ አስፋልቱን የሚሻገር ሰው ንግግር ተሰማ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ መረጡ፣ መኪናው ተጫነ።

ሲሞላ ወርቂቱ ትከሻዋን መኪናው ጀርባ ላይ አሳረፈች። መቅደስ አጠገቧ ገባች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሠላሳ ሁለቱም። ወደ አስፋልቱ ቁልቁለት ነው፤ ቢሆንም ሙሉ ጭነት ነው። "ሃይ በል!" ብላ አወጣች ወርቂቱ፤ "ሃይ!" ብለው ተቀበሏት። መኪናው ነቅነቅ አለ፣ ተንከባለለ፣ ፈጠነ፤ አስፋልቱ አፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱን ከሜዳው ርቆ፣ ለንፋሱ እየተፋ ሄደ። ሹፌሩ በመስኮት እጁን አውጥቶ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋላቸው።

ሴቶቹ በእልልታና በሳቅ እየተገፋፉ ሲመለሱ አዲስ የመጣው ሰባተኛው መኪና ዳሱ ፊት ቆሟል። ማንም ሳይነግረው ሞተሩን አጥፍቶ ነበር።